ባንታም፣ የያማሃችን የአክስት ልጅ



የጋበዙኝ ልጆች ደውለው «ስለ ሞተር አንድ ነገር ንገረን» አሉኝ። ወረታ ላይ ሞተር ሲባል ደግሞ ነገሩን ማጣራት ያስፈልጋል። የጉማራ ወይም የርብ ዳር ገበሬ «ሞተሬ ተበላሸ» ካለ፣ የተበላሸው ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት ውሃ መሳቢያ ነው። ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «ሞተር ይዞ ወጥቷል» ከተባላችሁ ግን ባለሙያው ባለ ሁለት ጎማዋን ይዞ ቀበሌ ወርዷል ማለት ነው። «የትኛዋን ሞተር ነው?» አልኳቸው። «አሮጌዋን» አሉኝ። እሺ፣ አሮጌ ካላችሁ ብዬ አንዲት የእንግሊዝ አሮጊት ይዤላችሁ መጣሁ። ስሟ ባንታም ነው። የሠራት ኩባንያ ቢ.ኤስ.ኤ. ይባላል።

ከመካከላችሁ ባንታም በዓይኑ ያየ ያለ አይመስለኝም። እኔም ያየኋት ለሥራ በርሚንግሃም ስኖር ነው። «ታዲያ ያላየናትን ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ያላያችኋት እሷን ነው እንጂ ዘመዶቿን በየቀኑ ታያላችሁ። አባቴ በዚህ በፎገራ ሜዳ የሚሠራባት ያማሃ የባንታም የአክስት ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ሳውቅ ደግሞ በጣም ነው የገረመኝ። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ ከዚያ ዝምድና አይወጣም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። ባንታም ከማን ተወለደች? ማን አሳደጋት? ለምንስ ሞተች? ሦስቱንም እኩል አላወራም፤ የጣፈጠኝ ላይ እቆያለሁ፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

በመጀመሪያ መልኳን ላሳያችሁ። ባንታም ማለት ድንክ ዶሮ ማለት ነው። ቦክስ የምትከታተሉ «ባንታም ክብደት» ሲባል ሰምታችኋል፤ ቃሉ ያው ነው። የቤንዚን ታንከሯ ላይ ደረቱን የነፋ አውራ ዶሮ ተስሎባታል። በ1948 ለገበያ ስትወጣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም ነበራት። ሞተሯ 123 ሲሲ ነው፣ ጉልበቷ አራት ፈረስ ተኩል ገደማ፣ ማርሿ ሦስት። ያኔ ከኋላ አሞርዛተር የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ጉድጓዱን የሚውጠው የመቀመጫው ሞላና የነጂው ወገብ ነው። ዋጋዋ ግብር ሳይጨመር 60 ፓውንድ ነበር። ከጦርነት የወጣ፣ ነዳጅ በራሽን የሚቀዳ ሕዝብ ሮጦ ገዛት። ፖስታ ቤቱም ቀይ ቀለም ቀብቶ ለቴሌግራም አዳይ ልጆች ሰጣቸው። ከ350,000 በላይ ባንታሞች ተሠርተዋል ይባላል።

አሁን ወደ ትውልዷ። እንግሊዞቹ ባንታምን እንደ ልጃቸው ይወዷታል፤ ወላጇ ግን ጀርመን ናት። በሳክሶኒ ቾፓው በምትባል ትንሽ ከተማ ዴ.ካ.ቬ. የሚባል ፋብሪካ ነበር። ያቋቋመው ራስሙሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አካባቢ የፋብሪካው መሐንዲስ ኸርማን ቬበር አንዲት 125 ሲሲ ሞተር ነደፈ፤ አር.ቴ. 125 ተባለች። የባንታም የሲሊንደር ልክ 52 በ58 ሚሊ ሜትር ነው። የአር.ቴ.ም ልክ 52 በ58 ነው። ዝምድናውን ለመመርመር ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

አር.ቴ. ባለ ሁለት ምት ናት፤ መካኒኮቻችን ቱስትሮክ የምትሏት። ቫልቭ የላትም፤ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፣ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ እነሱን ይዘጋል፣ ይከፍታል። የዱሮ ቱስትሮክ ችግር አዲሱ ቤንዚን ሳይነድ ከተቃጠለው ጭስ ጋር በማርሚታ በኩል መውጣቱ ነበር። ሽኑርለ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ መላ አመጣ። ይህንን መላ ከእኔ ይልቅ የሽንኩርት ገበሬ ቶሎ ይረዳዋል። ማሳው ላይ የቆየ ቆሻሻ ውሃ አለ እንበል፤ መውጫው በፊት ለፊት በኩል ነው። ንጹሑን ውሃ በፊት ለፊት ብትለቁት በአቋራጭ ተንሸራቶ ይወጣል። ከግራና ከቀኝ በሁለት ቦይ፣ አፋቸውን ወደ ኋላኛው ድንበር አዙራችሁ ብትለቁት ግን ሁለቱ ኋላ ይገናኛሉ፣ ድንበሩን ገጭተው ይዞራሉ፣ ቆሻሻውን እየገፉ ያስወጣሉ። ሽኑርለ በቤንዚን ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚህ ምክንያት ፒስተኑ ራሱ ላይ የነበረው ጉብታ ቀረ፣ ሞተሩም ቀለለ፣ ቤንዚንም ቆጠበ።

ጀርመን በተሸነፈች ጊዜ ሶቪየቶች የቾፓውን ፋብሪካ ማሽን ነቅለው ወሰዱ፤ ቬበርንም ወሰዱት። የአር.ቴ. ንድፍ ደግሞ እንደ ጦር ካሳ በአሸናፊዎቹ እጅ ገባ። ሶቪየቶች በሞስኮ ሠሯት፤ ኋላም ሚንስክ ገባች። አሜሪካ ውስጥ ሃርሊ ዴቪድሰን፣ ያ ግዙፍ ሞተር የሚሠራው ሃርሊ፣ ትንሿን 125 አወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታምን አወጣ። ባንታም ለገበያ በወጣችበት በ1948 ኸርማን ቬበር በሶቪየት ምድር አረፈ። ልጁ በአራት ሀገር በአራት ስም ስትጠራ እሱ አላየም።

ካሳ የማይገባው አንድ ሀገርም ነበር፤ ጃፓን። ራሷ ተሸናፊ ናት። በሐማማትሱ ከተማ ኦርጋንና ፒያኖ የሚሠራ ፋብሪካ በ1955 የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን አወጣ፤ የተቀዳችው ከአር.ቴ. 125 ነው። ጃፓኖቹ «ቀይ የውሃ ተርብ» ብለው ሰየሟት። የፋብሪካው ስም ያማሃ ነው። በዚያው ዓመት ፉጂ ተራራን በመውጣት ውድድር አሸነፈች።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ሌቦች!» ይላል። ፎገራ ላይ ቆሞ እንዲህ ማለት ግን አይቻልም። ኤክስ ጅግና የምንለው ሩዝ ከየት መጣ? ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር መጣ። ጅግና ላይ ተሞከረ፣ የጅግናን ስም ያዘ፣ ዛሬ ገበያ ላይ «የእኛ ሩዝ» ብለን እንምልበታለን። ዘር የተቀበለው መሬት ስም ያወጣለታል። ጥያቄው ከተቀበለ በኋላ ምን አደረገው የሚለው ነው፤ ባንታምንና ያማሃን የለያያቸውም ይኸው ነው። እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ አሳዳጊዋ። ቢ.ኤስ.ኤ. ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት የጀመሩበት ፊደል ነው፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የበርሚንግሃም ነፍስ ወከፍ መሣሪያ» ይሆናል። አዎ፣ የጠመንጃ ፋብሪካ ነበር! በ1861 የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች ተሰባስበው አቋቋሙት። አርማውም ሦስት ጠመንጃ አፈሙዝ ለአፈሙዝ ተደግፎ የቆመበት ነው። ምንሽርና ቤልጅግ እያልን ጠመንጃን በስሙ ለምንጠራ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጠመንጃ ሠሪ ግን አንድ ጣጣ አለበት፤ ሰላም ሲሆን ገበያው ይጠፋል። እናም ቢ.ኤስ.ኤ. ብረት የሚቆርጥበትንና የሚሞርድበትን ማሽን ወደ ብስክሌት አዞረ። በ1910 ደግሞ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነ ሞተር ሳይክል ይዞ ቀረበ። ጦርነት ሲመጣ ወደ ጠመንጃ፣ ጦርነት ሲሄድ ወደ ሞተር ሳይክል፣ ሲመላለስ ኖረ። በ1940 ኅዳር ወር፣ በ19ኛው ቀን ሌሊት፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ፋብሪካውን መቱት፤ ሌሊት ፈረቃ ላይ የነበሩ 53 ሠራተኞች ሞቱ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ያው ፋብሪካ የጀርመንን ሞተር በራሱ አርማ እያተመ ይሸጥ ነበር። ለዚህ ነገር ምን ዓይነት ስም እንደሚሰጠው እስከዛሬ አልገባኝም።

በጦርነቱ ቢ.ኤስ.ኤ. ለእንግሊዝ ጦር ከ120,000 በላይ ኤም 20 የምትባል ከባድ ሞተር ሠርቷል። «ታዲያ በ1941 ከእንግሊዙ መኮንን ከዊንጌት ጋር በጎጃም የገባው ጦር በሞተር መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ያ ጦር ጓዙን ከሱዳን ያስገባው በብዙ ሺህ ግመል ነበር፤ ግመሎቹም ደጋውን አልቻሉትም፣ በየመንገዱ አለቁ። የማሽን ሀገር የሚባለውም እኛ ተራራ ሥር ሲደርስ በእንስሳ ነው የሚታመነው።

ከጦርነቱ በኋላ ቢ.ኤስ.ኤ. አበጠ። በ1951 ትራያምፍን ገዛና በዓለም ላይ ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች ሆነ። ዳይምለር የሚባለው የእንግሊዝ አውቶሞቢል ፋብሪካም የእሱ ነበር። ሊቀ መንበሩ ሰር በርናርድ ዶከር ነው፤ ባለቤቱ ሌዲ ዶከር ደግሞ 7,000 የወርቅ ኮከብ የተለጠፈበት ዳይምለር አሠራች። ሰባት ሺህ! ባለ 60 ፓውንድ ባንታም ሸጦ የሚኖር ኩባንያ ነው እንግዲህ። በ1956 ቦርዱ ሰውየውን አነሳው። የወርቁን መኪና ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ እኔን የሚቆረቁረኝ ግን በዚያው ዘመን ለባንታም ያልተደረገላት ነገር ነው።

ወደ ሦስተኛው መጣን፤ ለምን ሞተች? ባንታም ውሎዋን የምትውለው ዘይት ከቤንዚን ጋር ደባልቀው ሲያጠጧት ነው። ለሃያ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ገደማ። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል፤ ከበዛ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ መንደሩም በሰማያዊ ጭስ ይታፈናል። በ1948 ይህ ነውር አልነበረም። ያማሃ ግን በ1964 ዘይቱን በራሱ ማጠራቀሚያ አስቀምጦ፣ በትንሽ ፓምፕ እንደ ፍጥነቱ ልክ እየመጠነ የሚያጠጣ ዘዴ አወጣ። ባንታም እስከ ሞተችበት እስከ 1971 ድረስ ዘይቷን ነጂው በእጁ ሲደባልቅላት ኖረች። አራተኛ ማርሽ ለማግኘት እንኳ እስከ 1966 ጠብቃለች። ሁለቱም ከአንድ እናት ተቀዱ። አንዱ በቀዳው ላይ በየዓመቱ ጨመረበት፤ ሌላው ሞተሩን ትንሽ እያሰፋ፣ ቀለም እየለወጠ ሸጠው።

ቸልታው ከየት መጣ? ከንቀት ይመስለኛል። የበርሚንግሃም አለቆች ልባቸው ትልቁ ሞተር ላይ ነበር። ትንሿ የልጅ መለማመጃ ናት፤ ጃፓኖቹ ልጆቹን በትንሿ ያስለምዱልን፣ ሲያድጉ የእኛን ትልቅ ይገዛሉ፤ ስሌታቸው ይህ ነበር። ኤድዋርድ ተርነር የሚባለው የቢ.ኤስ.ኤ. የተሽከርካሪ ክፍል መሪ በ1960 ጃፓን ሄዶ ፋብሪካዎቹን በዓይኑ አይቶ፣ ባየው ተደንቆ ሪፖርት ጽፏል። ሪፖርት ግን ሞተር አይነዳም። ሆንዳ በ1958 ያወጣት ትንሽ ሞተር እስከ 2017 ድረስ 100 ሚሊዮን ተሠርታለች። ጃፓኖቹም ከትንሿ ተነስተው ትልቁን ሠሩ፤ ቢ.ኤስ.ኤ. ከበታቹ ያለውን ወለል ሲለቅ ጣሪያው ላዩ ላይ ወረደ።

ይበልጥ የሚያስቆጨውን ልንገራችሁ። ከ1966 ጀምሮ ቢ.ኤስ.ኤ. ለአውስትራሊያ ገበሬ ብሎ ከመሬት ከፍ ያለች ባንታም ሠርቶ ነበር፤ ቡሽማን ትባላለች። የገበሬ ሞተር! አሳቡን ይዞት ነበር። ጥቂት ሺህ ሠርቶ ተወው። ባለ ሦስት እግር ነገርም ሞክሯል። በ1970 ኤሪየል 3 የምትባል 49 ሲሲ ባለ ሦስት ጎማ አወጣ። የቤት እመቤት ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ትወጣባታለች ተብሎ ታሰበ። ማንም አልገዛት፤ ብዙ ገንዘብ በላች። ባጃጅ ሾፌሮች፣ አትሳቁ! አዎ፣ ባለ ሦስት እግር ያከሰረው ፋብሪካ ነበር። በ1973 ቢ.ኤስ.ኤ. በሌላ ኩባንያ ተዋጠ፤ በአርሞሪ ሮድ ላይ የነበረው ፋብሪካም ኋላ ፈረሰ።

ስሞቹ ግን አልተቀበሩም። የት ሄዱ መሰላችሁ? ይህንን ስናገር እባካችሁ ደጅ ያቆማችሁትን ባጃጅ በሐሳባችሁ እዩት። ባጃጅ የምንለው የተሽከርካሪ ዓይነት ሳይሆን የአንድ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው፤ ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓ በመሥራት የጀመረ። ዛሬ ትናንሾቹን የትራያምፍ ሞተሮች ሕንድ ውስጥ የሚሠራው ባጃጅ ነው። በየመንገዱ የምታዩት ቲ.ቪ.ኤስ. ደግሞ በ2020 ኖርተን የሚባለውን ስመ ጥር የእንግሊዝ ሞተር ገዛ። የቢ.ኤስ.ኤ. ስም በ2016 በሕንዱ ማሂንድራ ቤት ገባ፤ በ2025 እንደገና «ባንታም» የሚል አዲስ ሞተር አውጥተዋል። ሮያል ኤንፊልድማ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሕንድ ውስጥ ሥር ሰዶ፣ እናት ፋብሪካው እንግሊዝ ውስጥ ሲሞት ልጁ እዚያ ቀረ። ስለዚህ በወረታ መናኸሪያ ሰው የሚጭኑት ስሞች፣ የነዚያ የድሮ ጌቶች ወራሾች ናቸው።

ንግግራችንም የሌላ ወራሽ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ እንላለን። የጀርመን ንድፍ፣ የጃፓን ብረት፣ የሕንድ ጎማ በጣሊያንኛ ቃል ይጠገናል፤ ስድቡ ብቻ ነው አማርኛ።

አሁን ወደ አባቴ ያማሃ ልመለስ። 100 ሲሲ ናት፤ ኤ.ጂ. ትባላለች፤ ለእርሻ ሥራ የተሠራች። ከፊትም ከኋላም ሰፊ መጫኛ አላት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በሣጥን የተሸፈነ ነው። መቆሚያ እግሯ በግራም በቀኝም አለ፤ መሬቱ በየትኛውም በኩል ቢያዘነብል ትቆማለች። ይህንን ያሰበ ሰው ከዕለታት አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ቆሞ የተናደደ ሰው መሆን አለበት።

ጭቃ ካልኩ፣ የፎገራን ዋልካ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ክረምት ሲገባ ጣና ወደ ናበጋ በኩል ሲተኛ፣ ርብ ሲሞላ፣ ዋልካው እንደ ሊጥ ይሆናል። ጎማው ይይዘዋል፣ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይወስደዋል፣ እዚያ ይጠጥራል፣ ከዚያ ጎማው መዞር ያቆማል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አባቴ ከኋላ ጭኖኝ ስንሄድ እንዲህ ያዘን። ወርዶ ከአጥር እንጨት ሰበረልኝና «ከፓራፋንጎው ሥር ቆፍር» አለኝ። ስቆፍር ብዙ ቆየሁ፤ ከወጣው ዋልካ ጋር የሩዝ ቃርሚያ ተጠቅልሎ ነበር፣ እንደ ጡብ ጭቃ የተቦካ። አባቴ በዚያች ቀን ስለ ሞተር አንድ ቃል አላወራም፤ ሱሪውን ጠቅልሎ የካቴናውን ሣጥን ጠረገና ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ ደረቅ ነበር። ጭቃ ያልገባበት ካቴና ቅባቱ እንዳለ ያበራል።

ብዙ ዓመት ቆይቶ በርሚንግሃም ውስጥ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋራዣቸውን ከፈቱልኝ። በልጅነታቸው ቴሌግራም አዳይ ነበሩ። ቀይ ባንታም አላቸው። ያየሁት መጀመሪያ ካቴናዋን ነው፤ የሚሸፍናት ከላይ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጎማውን አቅፎ የወረደውን ፓራፋንጎ አየሁና በልቤ «አንቺ ወረታ ክረምት ላይ አንድ ቀን አትውዪም» አልኳት። ሽማግሌው ቤንዚኑን ቀዱ፣ ዘይቱን በትንሽ ጣሳ ለክተው ጨመሩ፣ ታንከሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ ወዘወዙት። ረገጡ፤ ተነሳች። ድምጿ የድሮ ባለ ቱስትሮክ ባጃጅ ድምፅ ነው፣ ጭሷም እንዲሁ። አንዴ ልንዳት አልኳቸው፣ ፈቀዱልኝ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ቢ.ኤስ.ኤ. የጀርመኑን ንድፍ ሲቀዳ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ገልብጦ ነው የቀዳው። እንግሊዞች ማርሹን በቀኝ እግር መቀየር ለምደዋል፤ ጀርመኗ በግራ ነበረች። እኔ ደግሞ የተማርኩት በአባቴ ያማሃ ነው፤ ማርሿ በግራ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ተነሳሁ። ጥቂት ሄድኩና ሁለተኛ ላስገባ ብዬ በግራ እግሬ ረገጥኩ። የረገጥኩት ፍሬን ነው። ባንታም ቀጥ አለች፣ ሞተሯ ጠፋ፣ እኔ ደረቴን በመሪው ተመታሁ፣ ሽማግሌው በር ላይ ቆመው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚህ ስትወጡ በሩ አጠገብ የቆመችውን የጽሕፈት ቤቱን ያማሃ ጠጋ ብላችሁ እዩዋት። ባለቤቷ ቁልፉን ሰጥቶኛል። የማርሹን መርገጫ የሚነካ ካለ በግራ በኩል ይምጣ፤ የካቴናዋን ክዳን እኔ እከፍትላችኋለሁ።